አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

እሰይ! የአየር ንብረት ለውጥ ዋና ተጠርጣሪ በመጨረሻ ተያዘ። የተገኘው በከፋ ጫካ ውስጥ፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር፣ ቅርጫት አንግቶ እሸት ቡና ሲለቅም ነው። መኪና የለውም፤ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፤ ከምድጃው በስተቀር የሚጨስ ነገር አልተገኘበትም። ይህን ያህል ማስረጃ መጥፋቱ ራሱ ያስጠረጥራል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ገበያው የሚገባ ቡና ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ መሬት አለመምጣቱ መረጋገጥ አለበት። ቀኗ ልብ ትባል። ከዚያች ሌሊት በፊት ደኑን ጨርሶ ያረሰ ሰው ጻድቅ ነው። አውሮፓ ሰፊ ደኗን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት መንጥራ ስንዴ ስለዘራችበት ከጻድቅም በላይ ሆናለች፦ የስጋት ደረጃ ሲወጣ 27ቱም አባል አገሮች «ዝቅተኛ» ከሚለው መዝገብ ገብተዋል። ለመጠርጠር መጀመሪያ ደን ሊኖርህ ይገባል።

ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ዙሪያውን ያስለካል። ትንሹ ገበሬ ግን ይማራል፤ አንዲት የጂፒኤስ ነጥብ ትበቃዋለች፤ ብቻ ኬክሮሷና ኬንትሮሷ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይኑራቸው። ስድስተኛው አሃዝ መሬት ላይ ሲወርድ ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ነው። ቡናው የበቀለበት ብቻ ሳይሆን ስኒው የሚቀመጥበት ቦታም ሳይመዘገብ አይቀርም። የጥላ ቡና ከሳተላይት ሲታይ ደን ይመስላል፤ ገበሬው ያረጀውን ቡና ጎንድሎ ሲያድስ ደግሞ ምንጠራ ሊመስል ይችላል። እንግዲህ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ዓይን ማስረዳት የገበሬው ፈንታ ነው።

«ግዴታው እኮ የአስመጪው ነው» ይሉናል። እውነት ነው፤ በሕጉ ላይ እንደዚያ ተጽፏል። ስለዚህ አስመጪው ላኪውን ይጠይቃል፤ ላኪው ዩኒየኑን፤ ዩኒየኑ ማኅበሩን፤ ማኅበሩ ስልክ ያስያዘውን ልጅ ወደ ገበሬው ደጅ ይልካል። ወረቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወጪው ወደ ታች ይወርዳል። ነጥብ ላቀረበ ገበሬ በኪሎ ይህን ያህል ይጨመርለት የሚል አስገዳጅ አንቀጽ ግን የለም። ሕግ አውጪው ይህን የረሳ አይመስለንም፤ ለገበሬው ትሕትና አስቦ ይሆናል እንጂ።

ርኅራኄ የለም ደግሞ አትበሉ። ሕጉ በ2024 መጨረሻ ሊጀመር ነበር፤ አንድ ዓመት ተገፋ። በ2025 የብራስልስ የመረጃ ሥርዓት የሚጎርፍበትን ቅጽ አይችለውም ተባለና እንደገና ተገፋ፤ ለትልልቆቹ እስከ 2026 መጨረሻ። ኮምፒውተሩ ደከመኝ አለ፤ ታዘነለት። በዚያው ምሕረት መጽሐፍና ጋዜጣ ከዝርዝሩ ወጡ። ወረቀት ከዛፍ እንደሚሠራ ለገበሬው አትንገሩት። የመጀመሪያውን ቀን አምኖ ወጪውን አስቀድሞ ያወጣ ማኅበርም ለቅልጥፍናው ምስጋና ይድረሰው።

ከቡናችን ዋና ገዢዎች አንዷ ጀርመን ናት። በ2023 መጀመሪያ እዚያ ሉትሰራት የምትባል መንደር፣ ከሥሯ ያለው ከሰል እንዲወጣ፣ የከሰሉ ተቃዋሚዎች በፖሊስ ተጠርገው ፈረሰች። በከሰል ለሚሠሩ የኃይል ማመንጫዎች የአገሪቱ ሕግ እስከ 2038 ድረስ ፋታ ሰጥቷል። የንግድ በረራ ነዳጅንም ኅብረቱ በ2003 ባወጣው መመሪያ ከነዳጅ ግብር ነፃ አድርጎታል። ለከሰሉ ፋታ፣ ለአውሮፕላኑ ምሕረት፣ ለቡና ለቃሚው ስድስት አሃዝ! የከሰሉ ባለቤት ጠበቃ አለው፤ አየር መንገዱም አለው። ዳውላው ጠበቃ የለውም።

ደን ይጨፍጨፍ ያለ የለም። በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅነት የመዘገባቸው የከፋና የያዩ ደኖች ውስጥ ዛፉ ለቡናው ጥላ ነው፤ ቡናው ደግሞ ለዛፉ ጠበቃ ነው። ቡናው ወጪውን መሸከም ሲያቅተው ገበሬው ወደ በቆሎ ወይም ወደ ጫት ይዞራል፤ ሁለቱም ትልቅ ዛፍ አይወዱም። ያኔ ሳተላይቱ የፈለገውን ምንጠራ ያገኛል፤ መረጃውም ጥርት ያለ ይሆናል።

እስከዚያው እኛም አንዲት ትንሽ ደንብ ብናወጣስ? የኢትዮጵያን ቡና የሚገዛ ሁሉ ቡናው የሚቆላበት ኤሌክትሪክ ከየትኛው ማመንጫ እንደመጣ፣ የማመንጫውን ጭስ ማውጫ በስድስት አሃዝ አመልክቶ ያቅርብ። የማረጋገጫው ወጪ ከጠጪው ይሁን፤ በዋጋው ላይ ግን ሳንቲም እንዳይጨምር። ለመዘጋጀት አንድ ዓመት እንሰጣለን። ያ ካልበቃ ሌላ ዓመት እንጨምራለን፤ የጨነቀው ኮምፒውተር መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ነው ታዲያ። ሰው ከሆነ ይቻለው።