የማይበላ አበባ

ስቶክሆልም፣ አካላ ሰፈር ውስጥ መሬት ያለው ሐበሻ ጎመን ይተክላል። ጎመን ባይተክል በሶብላ፣ በሶብላ ባይተክል ጤና አዳም፤ ብርዱ ሲመጣ ጤና አዳሙን ነቅሎ ሳሎን ያስገባዋል። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ የጣሰው ሰው ግን ወዲያው ይታወቃል። እኔ ነጠላ ቢዘረጉባት በምትሸፈነው የደጄ አፈር ላይ የደወል አበባ ተክዬ ጥሻለሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይኼ ለምን ይሆናል?»

ለሆድ ቁርጠት ብል በተገላገልኩ። «ለማየት» አልኳቸው።

«ጎመንም እኮ ይታያል። አይተኸው ስትጨርስ ደግሞ ይቀቀላል።»

ተከራከርኩ። የኔው የካርፓቲያ ተራሮች ዘር ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ስለሚያቆም ድጋፍ እንጨት አይለምንም። ክረምቱን ሥሩ ከበረዶ በታች ተኝቶ ያሳልፍና በጸደይ ራሱ ያቆጠቁጣል። ብርዱን ይችላል፤ ሥሩ ላይ የሚቋጠር ውሃ ግን ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ አፈሩን በጠጠር መደባለቅ ነው። የጠወለገውን አበባ ቶሎ የቀነጠበለት ደግሞ ሁለተኛ ዙር ያብብለታል። እትዬ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ በሽተኛ እንደዚያ ይሰማል። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ2021 ድምፅ ሰጥተው ትንሿን ሰማያዊ ደወል፣ ብሎክሎካን፣ የአገር አበባ አድርገው እንደመረጧትም ነገርኳቸው።

«አገር የመረጠው ሁሉ ሲጠቅም አይተሃል?»

መልስ አልነበረኝም።

በሰፈሩ የደወል አበባ ይበላል ብሎ የሚያምን አንድ ፍጥረት አለ፤ ስዊድኖች «ገዳይ» የሚሉት ቅርፊት የለሽ ቀንድ አውጣ። ዝናብ ባካፋ ቁጥር ለጋ ለጋውን ይግጣል። በእጄ እየለቀምኩ ስረግም እትዬ በመስኮት ያዩኛል፤ ምንም አይሉም። ዝምታቸው ይብሳል።

የመጨረሻው ጥይቴ ፔተር ፎርስኮል ነበር። አካላ ጎዳናዎቿን በፊንላንድ ስሞች ስለሰየመች፣ እ.ኤ.አ. በ1732 ሄልሲንኪ የተወለደውን ይህን ሰው እንደ ሰፈር ልጅ እቆጥረዋለሁ። የዕፅዋት ሊቁ የሊኔ ተማሪ ነው። በ1759 ስለ ዜጎች ነፃነት ጽፎ መንግሥት ጽሑፉን ከየሰዉ እጅ አስለቀመበት። ከዚያ ዕፅዋት ፍለጋ ከዴንማርክ የጉዞ ቡድን ጋር የመን ወረደና በ31 ዓመቱ በወባ ሞተ። በ1775 የታተመለት መጽሐፍ ውስጥ አንዲት የደወል አበባ አለች፤ በእኛም ደጋ ትበቅላለች፤ ሥሯም ይበላል!

ይህን ስነግራቸው የእትዬ ዓይን በራ። አሸነፍኩ አልኩ።

«ታዲያ በአገርህ የምትበላዋ እያለች፣ ይኼን የማይበላውን ምን አስተከለህ?»

በዚያው ሰሞን ከደወሎቹ መሃል ያልዘራሁት ጎመን በቀለ። ማን እንደዘራው አልጠየቅሁም። ገዳዩ ቀንድ አውጣም ከእትዬ ወገን ሆኗል፤ አበባውን ትቶ ጎመኑን ይዟል።