በሞያሌ ማርፈድ ይቻላልን?

የተማሪዎችን ዓመፅ የሚያጠና ሰው «ሚድል ስኩል» የተባለውን የቤተሰብ ኮሜዲ ሳይመረምር ማለፍ አይገባውም። ስቲቭ ካር ባዘጋጀው በዚህ ፊልም ርእሰ መምህሩ ሬፍ የተባለውን ተማሪ የሥዕል ደብተር አሲድ ውስጥ ይከቱበታል፤ ልጁም በምላሹ የትምህርት ቤቱን ደንብ አንቀጽ በአንቀጽ መጣስ ይጀምራል። ጉዳዩን ከኬንያዋ ሞያሌ ሆኖ ለሚመረምር ግን ገና ከመነሻው የዘመን ቅደም ተከተል ያስቸግረዋል። ፊልሙ ለእይታ የበቃው ኦክቶበር 7 ቀን 2016 ነው፤ ያን ዕለት ድንበሩን በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ለተሻገረ ሰው ቀኑ መስከረም 27 ቀን 2009 ነበር። መነሻው የሆነው የጄምስ ፓተርሰንና የክሪስ ቴቤትስ መጽሐፍ የታተመው በ2011 ስለሆነ፣ ከድንበሩ ወዲያ ፊልሙ መጽሐፉን በሁለት ዓመት ይቀድመዋል ማለት ነው። ልጁም ዓመፁን ያነሣው በኬንያ በኩል ሦስተኛው ተርም ሊያልቅ ሲል፣ በኢትዮጵያ በኩል ደብተሩን ለብዶ ሳይጨርስ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ደንብ ለመጣስም ቢሆን አስቀድሞ ሁሉም የተስማማበት አንድ አቆጣጠር እንደሚያስፈልግ ነው።

«ተማሪው የሚማረው በአንድ ግቢ ነው፤ የማዶው ሰዓት ምን አገባው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ያስኬዳል፤ ስዋሂሊ እስኪመጣ ድረስ። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓትን የሚቆጥረው ከንጋት ነውና፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ ስምንት ሰዓት የሚሉትን ደወል የስዋሂሊ መምህሩ ሁለት ሰዓት ይሉታል። እንግዲህ ድንበሩ የሚያልፈው በጉምሩክ በኩል ብቻ ሳይሆን በክፍለ ጊዜዎችም መካከል ነው። በር ላይ «7:30 ይዘጋል» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ፣ በቤቱ ሰዓት የሚቆጥር ልጅ ምሳውን በልቶ ከች ሲል ደንቡን ቃል በቃል አክብሯል። ዘበኛው ግን ያንበረክከዋል፤ ሲብስም «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ወላጁም የሚተዳደሩት በዚያው የቤት ሰዓት ስለሆነ አርፍደው ይመጣሉ። ዐቢይ አሕመድና ኡሁሩ ኬንያታ በዲሴምበር 2020 የመረቁት የጋራ የድንበር ጣቢያ ለመንገደኛና ለጭነት የታሰበ ነው፤ ለአርፋጅ መስኮት አልተከፈተለትም። (ከኢትዮጵያ የሚመጣ መኪና እዚህ ሲደርስ ከመንገዱ ቀኝ ወደ ግራ ይዛወራል፤ አመፀኛ ያለው ግን የለም።)

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ የተማሪ ዓመፅ የሚቀለድበት ነገር አይደለም የሚል ነው። እውነት አለው። ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ2016 በኬንያ ከ100 በላይ ትምህርት ቤቶች ቃጠሎ ደርሶባቸዋል፤ በብዛት የነደዱትም የተማሪ ማደሪያዎች ናቸው። ኬንያ በትምህርት ቤት ዱላን የከለከለችው በ2001 ስለሆነ፣ ነገሩን ሁሉ በአርጩሜ ማሳበብም አይቻልም። ሬፍ በደሉን የሚወጣው የትምህርት ቤቱን ግድግዳ በባለ ቀለም ተለጣፊ ወረቀት እየሸፈነ ነው። ይህን ሳነጻጽር ፊልሙን ከኮሜዲ ይልቅ ከምኞት ክፍል ልመድበው እገደዳለሁ፤ ምክንያቱም የልጁ ቅሬታ ተነብቧል፣ ያውም ከአመድ ውስጥ ሳይሆን ከግድግዳ ላይ። ስለዚህ የሞያሌ ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ የአርፋጅ ማስታወቂያ ስታወጡ ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉበት፤ ከሥሩም ተማሪ የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ተዉለት።