ጉራጊኛ እስከ ምሳ

መስከረም ሲቃረብ ከአዲስ አበባ የሚደውልልኝ እንግዳ ስለ አልጋ አይጠይቅም፤ ስለ ታሪፍም አይጠይቅም። «ወልቂጤ ሳልደርስ ትንሽ ጉራጊኛ አስይዘኝ» ነው የሚለው።

«የትኛውን?» ስለው ያኮርፋል። ነገር ያወሳሰብኩበት ይመስለዋል። ወንድሜ፣ እኔ ምን ላድርግህ? ወልቂጤ ስትወርድ ቸሃው አለ፣ እዣው አለ፣ ሙኸሩ፣ እነሞሩ፣ ጉመሩ አለ። ቀቤናው ደግሞ ጎረቤት ቢሆንም ቋንቋው ሌላ ነው። ቡታጅራ ብትሄድ መስቃኑ፣ ክስታኔው፣ ስልጤው ይቀበልሃል፤ የማረቆውም ቋንቋ እንደ ቀቤናው ሌላ ነው። ቮልፍ ሌስላው የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የጉራጊኛ መዝገበ ቃላት 3 ጥራዝ ነው። የእኔ እንግዳ ግን ክትፎው እስኪቀርብ ሊጨርሰው ይፈልጋል።

ለማንኛውም አማርኛህን ይዘህ ና። ባለሱቁም ባለባጃጁም በእሱ ያስተናግዱሃል። ዋጋ ጠይቀህ ሻጩ ወደ ጓደኛው ዞሮ በቋንቋው አንድ ነገር ጣል ካደረገ ግን ስለ ዝናቡ አይደለም። ያኔ ፈገግ በልና ዝም በል። የሰማህ መስሎት ይቀንስልሃል።

ካናዳ፣ ሞንትሪያል ያለው ባለሱቅ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛውን አከታትሎ «ቦንዡር፣ ሃይ» እያለ ነው አሉ ደንበኛ የሚቀበለው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ከተማዋ ያለችበት የኩቤክ ግዛት ምክር ቤት ተሰብስቦ ነጋዴዎቹ «ቦንዡር» ብለው እንዲቀበሉ በሙሉ ድምፅ ጠየቀ። የእኛ ባለሱቅ ስብሰባ አላስፈለገውም፤ ፊትህን አይቶ ቋንቋህን ይመርጥልሃል።

ይልቅስ አስቀድመህ የምትማረው ክትፎ ማዘዝ ነው። ጥሬ አለ፣ ለብለብ አለ፣ የበሰለ አለ። «ለብለብ፣ ግን ቀዩ እንዳይታይ» ብሎ ማዘዝ የለም፤ የፈለግከው የበሰለ ነው፣ ሳታፍር ጥራው። «ቅቤው ይቀነስ» የሚልም አጋጥሞኛል። ቅቤ የፈራ ሰው እዚህ ድረስ በመኪና ምን አስለፋው? ሽሮ በየሰፈሩ አለ። አይቡንና ጎመኑን ገና ከጅምሩ ከሥጋው ጋር አትለውሰው፤ እንደሚጣፍጥህ እየቀላቀልክ ብላ። ቆጮውን አሽትተህ ፊትህን አታጨማድድ፣ ባለቤቷ እያየችህ ነው። ጣባው ካለቀ በኋላ እንጀራ ጠይቀህ ቅቤውን ብትጠርግ የሚቆጣህ የለም፤ እንዲያውም ያኔ ነው ሰው መሆንህ የሚታወቀው። ሚጥሚጣውን ግን ወንድነት ለማሳየት አትነስንሰው። ወንድነት የሚጠይቀው ሂሳቡ ነው።

የሚያበሳጨኝ ታዲያ ይህን ሁሉ ከበላ በኋላ ነው። አፉን ሳይጠርግ ድምፁን ለውጦ የጉራጌ ቀልዱን ይጀምራል፦ ስለ ሳንቲም፣ ስለ ሊስትሮ፣ ስለ አነጋገር። በዚያው በሰዎቹ አገር፣ በዚያው በሰዎቹ ማዕድ! እኔ አልስቅም። በዚህ ቀልድ የተነሳ መርካቶ ውስጥ ስንቱ ወላጅ «ልጄ እንዳይሳቅበት» ብሎ ቤቱን ሁሉ በአማርኛ አደረገ። ያ ልጅ ዛሬ ለመስቀል አገሩ ሲገባ ከአያቱ ጋር የሚጨዋወተው በአስተርጓሚ ነው። ከቤት ስቀህ ያስወጣኸውን ቋንቋ ዛሬ «ትንሽ አስይዘኝ» ስትለኝ ምን ብዬ ልመልስልህ?

ይሁን፣ መስቀል ነው። በመስቀል የተጣላም ይታረቃል። አያቶቹም ቢሆኑ ቋንቋ አልቻልክም ብለው አያስርቡህም፤ «ብላ» ለማለት ቆጮውን ወደ አንተ መግፋት ይበቃቸዋል። ስትጠግብ ነው ችግሩ። «በቃኝ»ን በየትኛውም ቋንቋ አይሰሙም።

ደግሞ ወልቂጤና ቡታጅራን አጥር ለአጥር የሚያደርጋቸው እንግዳ አለ። አንዷ በጅማ መንገድ ላይ ናት፣ ሌላዋ በሆሳዕና መንገድ። ከነሐሴ 2015 ወዲህማ ዞናቸውም ተለያይቷል፤ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ሆናለች። ከአዲስ አበባ ወደዚያ ከሄድክ ጢያ ላይ ውረድና ትክል ድንጋዮቹን እይ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። እግረ መንገድህን ከገበያው የማረቆ በርበሬ አምጣልኝ። ባለቤቴ ዛላው ይሁን ትላለች፤ እህቷ ደግሞ ተፈጭቶ ይምጣ ባይ ናት። እነሱ እስኪስማሙ አንተ መንገድ ጀምር፤ እደውልልሃለሁ።