ግልባጭ፦ ለሙሽራው

የወዳጄ ስልክ ቻርጅ ኖሮት አያውቅም። ብድር ስጠይቀው ባትሪ ጨርሶ ነበር። ቤት ስቀይር ዕቃ የሚያነሳ ሰው ባስፈለገኝ ቀን ስልኩ ተዘግቶ ነበር። የላክሁለት ገንዘብ ደርሶት እንደሆነ ስጠይቀው መልሱ በማግስቱ ይመጣል፤ «ውይ፣ ቻርጅ የለኝም ነበር እኮ!»

ባለፈው ሰሞን ግን የእኔን መልእክት ስክሪንሾት አንስቶ ሚዜ ለምሆንለት ሙሽራ ላከው። ምስሉን አይቼዋለሁ። አናቱ ላይ 12:40 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከአርባ። ከጎኑ ባትሪው ቀይ ሆኖ 6 ከመቶ ያሳያል። እስቲ ፍረዱኝ። በስድስት ከመቶ ባትሪ ሰው እናቱ ጋ ይደውላል፤ ወይ ደረጃው ጨለማ ስለሆነ መብራት ያበራበታል። እሱ ግን ከእናቱም ከደረጃውም እኔን አስቀደመ። እንዲህ ያለውን ወዳጅ ሳያመሰግኑ ማለፍ ግፍ ነው።

መልእክቴ ይህ ነበር፦ «ለሚዜ ሱፍ 18 ሺህ ብር? ሰውየው ሊያገባ ነው ወይስ ሊዘርፈን?» የጻፍኩት እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው። በሦስተኛው ቀን ሙሽራው «ይሄ አንተ ነህ?» ብሎ መልሶ ላከልኝ። እኔ ነበርኩ። ስሜ አለ፣ ፎቶዬም አለ፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ከራሱ ከሙሽራው ጋር ተቃቅፈን ነው የምንስቀው።

ድሮ ይህ ወሬ የማቀበል ሥራ የራሱ ባለሙያ ነበረው፤ ጆሮ ጠቢ ይባል ነበር። ምስኪን፣ ስንት መከራ ያይ ነበር! ጠላ ቤት ጥግ ይዞ ሰው እስኪሞቀው መጠበቅ፣ የሰማውን እስኪያደርስ በቃሉ መያዝ፣ ደርሶም «ምን ማስረጃ አለህ?» መባል። መንግሥት ራሱ እንኳ በሚያዝያ 2006 ያሰራቸውን የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች እዚሁ ሰፈራችን ልደታ ፍርድ ቤት ሲከስ፣ ቤት በርብሮ፣ ኮምፒውተር አሸክሞ ነው ማስረጃ የለቀመው። ያ ሁሉ ሸክም ተሸክሞም ጥቅምት 2008 ላይ ችሎቱ በመዝገቡ የቀሩትን ተከሳሾች ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። የእኔ ወዳጅ ግን ፓኬጁን ከኪሱ ገዝቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳይከፍለው ያደርሳል።

ውለታው ስለከበደኝ ሥራውን ላቃልልለት አሰብኩ። የምጽፍለት ሁሉ ለሌላ ሰው መድረሱ ካልቀረ ለምን ይድከም? እኔው ራሴ በመሥሪያ ቤት ደንብ ጽፌ ከታች ግልባጭ ብል እንገላገላለን። የሱፉ ጉዳይ እንዲህ መጻፍ ነበረበት፦

«ቁጥር፦ ሐሜ/014። ጉዳዩ፦ ማጉረምረምን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው የሚዜ ሱፍ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ስለሆነብኝ፣ በወዳጅነታችን መሠረት ለአንድ ደቂቃ ያህል አጉረምርሜያለሁ። ስለሆነም ጉዳዩ በመካከላችን ብቻ እንዲቀር እየጠየቅሁ፣ ስለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለሙሽራው፤ ለሙሽሪት፤ ለሙሽሪት እናት፤ ለሱፍ ሰፊው፤ ለእድሩ ጸሐፊ (ለመረጃ ያህል)።»

ችግሩ፣ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ ማን ያምናል? ስለዚህ ማኅተም አስቀርጻለሁ፤ ክብ፣ ሐምራዊ፣ መሐሉ ላይ የተከፈተ አፍ ያለበት። ማኅተም ካለ ቲተር አለ። ቲተር ካለ ኃላፊ አለ፤ ኃላፊው ፈቃድ ሲወጣ ተወካይ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ባለቤቴን አስቤያለሁ። የገቢና ወጪ መዝገቡ ቁም ሳጥን ውስጥ ከጋቢው ሥር ይቀመጣል። የባለቤቴ እህት መጥታ «ወንድምህ እንዴት ነው?» ብትለኝ በቃል አልመልስላትም፤ ጥያቄዋን በጽሑፍ ታቅርብ፣ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ይሰጣታል። ቡና ሲፈላ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፦ በአቦል ስለ ኑሮ ውድነት በስፋት ተወያየን፤ በቶና ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን የገዛችውን ሶፋ በተመለከተ የተለያዩ ሐሳቦች ተንሸራሸሩ፤ በበረካ አንዲት አባል «ሶፋው ያገለገለ ነው» በማለት የልዩነት ሐሳቧን አስመዘገበች። ከዚያ ተፈራርመን እንለያያለን። ግንቦት 1 ቀን ለልደታ ደጅ ወጥተን ንፍሮ ስንበላ ደግሞ ጠበቃ ሳናስቀምጥ አንቃመስም፤ «ንፍሮው አልበሰለም» የምትለዋ ሴትዮ አስተያየት የግሏ እንጂ የብሎኩ አቋም አለመሆኑ በግልጽ ይታወቅ ዘንድ።

ቀልድ አይምሰላችሁ። በቀደም ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካሉት ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች አንዱ ዘንድ መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ገባሁ። ከፊቴ አንድ ሰው ስልኩን ለልጅቷ ሰጥቶ የቴሌግራም ወሬ ያሳትማል።

«በከለር ነው በጥቁርና ነጭ?» አለችው።

አሰበ። «በከለር ይሁን፤ አረንጓዴው የእኔ፣ ነጩ የእሷ መሆኑ እንዲታይ።»

ገጾቹ እንደሞቁ እየወጡ ተደረደሩ። አንደኛው ጥግ ላይ፣ ከ«ደህና እደር» ቀጥሎ፣ ቀይ ልብ ነበረች። ልጅቷ ወረቀቶቹን አስተካክላ ልቧ ላይ ስቴፕለር መታችበት፤ አላየቻትም።

ወሬ ሁሉ በማስረጃ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ማንም ምንም አይረሳም። ማንም «ሰክሬ ነው» ብሎ አያመልጥም። የድምፅ መልእክትማ ከነሳሉ፣ ከነሕፃኑ ለቅሶ ይተላለፋል። ቴሌግራም በአንድሮይድ ስልክ ላይ ስክሪንሾት የማያስነሳ ምስጢራዊ መወያያ አለው ቢባል፣ ወዳጄ የሚስቱን ስልክ ተውሶ የራሱን ስክሪን ፎቶ ያነሳል፤ አውራ ጣቱ ጥግ ላይ ትታያለች፣ እንደ ፊርማ።

ሕግም አለን። በ1952 የታወጀው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 31 ላይ፣ ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ የውስጡን እንዳያወጣ ይከለክላል። ተገቢ ጥቅም እንዳለው ካስረዳ ግን ለፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይችላል። ኮፒ ቤት ያየሁት ሰውዬ ምናልባት በዚያች ቀዳዳ ይገባ ይሆናል። ወዳጄን ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የትኛው ችሎት ቀጥሮት ነበር? ጥቅሙስ ምን ነበር? ሙሽራው «አንተ ነህ እውነተኛ ወዳጅ» እንዲለው ብቻ። እኔን ሸጦ እሱን ገዛበት። ከዳኝ። ነውር ነው፤ በስልክ ስለተሠራ ነውርነቱ አይቀንስም።

ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ እዚህ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ፤ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ። ባልና ሚስት ሌሊት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት እስከ መጨረሻዋ ቃል ይሰማ ነበር። ጠዋት ቦኖው ላይ ጀሪካን ይዘው ሲገናኙ ግን «እንዴት አደራችሁ?»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ አለቀ። እኔ ከዚያ ግድግዳ ጋር ብወዳጅ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ስለ ምስሉ ግርጌ ልንገራችሁ። ምስሉ ልክ ከእኔ መስመር ሥር ተቆርጧል። ከዚያ በታች ሁለት መስመር ነበረ። አንደኛው የወዳጄ መልስ ነው፤ «ኪኪኪ» ብሎ ጀምሮ ስለ ሙሽሪት የጻፈው፣ እዚህ የማልደግመው። ሁለተኛው የእኔ ነው፦ «ተው እንጂ! እኔ ለእሱ ከሆነ ተበድሬም ቢሆን እለብሰዋለሁ።» ሙሽራው ያቺን መስመር አላያትም። እንዳላሳየው የወዳጄ መስመር መሐል ላይ ቆሟል። የእኔን ብቻ ቆርጬ ልላክ ብል ደግሞ «ተው እንጂ» ያልኩት ምኑን እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነው።

ሠርጉ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለሱፉ ተለክቼ ቀብድ ከፍያለሁ። ትናንት ማታ ወዳጄ «ምነው ጠፋህ ወንድሜ?» ብሎ ጻፈልኝ። ወሬያችንን ወደ ላይ እየገፋሁ እዚያ መስመር ላይ ደረስኩ፣ ዘጋሁት፣ ደግሜ ከፈትኩት። የእኔ ስልክ 91 ከመቶ ቻርጅ አለው።