ኪስ አይፈተሽ፣ ጫት ይፈተሽ

ቴሬዛ ሜይ የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ፖሊስ መንገደኛን እያስቆመ መፈተሹን ይቀንስ፣ ጥቁሮች ላይ በርትቷል ብለው ፖሊስን ሊያሻሽሉ ተነሡ። እሰየው! በሰኔ ደግሞ ጫትን አስከለከሉ። የፖሊሱ አንጀት ቅቤ ጠጣ፤ አዲስ የሚፈተሽ ኪስ ተገኘለታ! ያውም የሶማሌ፣ የየመንና የሐበሻ ኪስ።

የመንግሥት የራሱ አማካሪ ምሁራን ለማገድ የሚያበቃ የጉዳት ማስረጃ አላገኘንም ብለው ነበር። (ምሁር መጠየቅ ደንብ ነው፤ መስማት ግን ደንቡ ላይ አልተጻፈም።) እስከ ዋዜማው ታክስ ሲከፈልበት የኖረ ቅጠል በአንድ ሌሊት ወንጀለኛ ሆኖ አደረ።

ቅጣቱ እርከን አለው፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደገም 60 ፓውንድ፣ ሲሠለስ እስር። እኔን የሚያሳዝነኝ የኤግዚቢት ክፍል ኃላፊው ነው። ጫት እንደ ሄሮይን ታሽጎ የፍርድ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በተቆረጠ በሁለት በሦስት ቀኑ ጉልበቱ ይከዳዋል። እንግዲህ ዳኛው ፊት የሚቀርበው፣ አወዳይ ላይ ፍየል ያለ ማስጠንቀቂያ የሚበላው ገራባ ነው።