ጆሮ ላይ የተሰካ ስኬት
ጸሐፊው ሮቢን ሻርማ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስኬት የፈለገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሳ ብሎ መክሯል። ይህን ምክር ታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን በ11 ሰዓት ተነስቶ ሰልፍ መያዝ ከጀመረ ቆይቷል። ሀብቱ መንገድ ተዘጋግቶበት ነው መሰል እስካሁን አልደረሰም። ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ በግማሽ ጎኑ እንደተቀመጠ፣ በአንድ ጆሮው መካሪው «ከምቾትህ ውጣ!» ይለዋል፤ በሌላው ረዳቱ «ጠጋ በል ወንድሜ፣ ሰው ይግባ!» ይለዋል። «የሕይወትህ ሹፌር አንተ ነህ» የሚለው ምክር ላይ ሲደርስ፣ እውነተኛው ሹፌር ትራፊክ ፈርቶ በውስጥ ለውስጥ ይታጠፋል። መቼም ምክር አይጠላም። ብቻ ጎበዝ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጉት፤ መልሳችሁን ሳትቀበሉ መውረጃችሁ እንዳያልፍ።