በቅሎዋና የአማካሪዎቹ ድንኳን

አባቷን ሲጠይቋት ስለ አጎቷ ፈረስ የምታወራውን በቅሎ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ይህች ሌላ ናት። አባቷ አህያ መሆኑን አትደብቅም፤ እንዲያውም ከአሳሌ መቀሌ አሞሌ እየተሸከመ የሚያስተምራት እሱ መሆኑን እያወራች ነው እንስሳት ንግድ አስተዳደር ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት የገባችው።

መግቢያ ላይ ሁሉም ወደፊት ምን መሥራት እንደሚፈልግ ይጽፋል። እርግብ ወላጅ ላጡ ጫጩቶች ማሳደጊያ እከፍታለሁ አለች። ፍየል የቆዳ ፋብሪካዎችን አዘጋለሁ አለ። በቅሎዋ የጨው ተሸካሚዎች ማኅበር አቋቁማለሁ ብላ ጻፈች። ሁለተኛው ወር ሳይጋመስ ሦስቱም አንድ ሰልፍ ላይ ተገናኙ፤ የአማካሪዎች ድንኳን በር ላይ። በስግብግብነት የሚወቅሳቸው ሰልፉን ከሩቅ ያየ ነው። ሌላው ቀጣሪ ፈልጋችሁ ኑ ይላል፤ አማካሪዎቹ ግን ድንኳናቸውን ተሸክመው ግቢ ድረስ ይመጣሉ። የትምህርት ዕዳ ደግሞ፣ ለባንክም ይሁን ለአባት፣ የቀድሞ ሐሳብን ያስረሳል።

እንስሳቱ የማማከሩን ሙያ ከሰው ነው የተማሩት። ጄምስ ማኪንዚ የተባለ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ መምህር በ1926 እ.ኤ.አ. ለኩባንያ አለቆች ምክር የሚሸጥ ድርጅት ከከፈተ ወዲህ፣ ራሱ ሳይነግድ ስለ ንግድ የሚመክር ባለሙያ በዝቷል። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይም የቦስተኑ ብሩስ ሄንደርሰን በ1970 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ባለ አራት ሳጥን ሠንጠረዥ ተሰቅሏል። ማደጉን ያቆመ፣ ግን ገንዘብ የሚያስገባ ንግድ ላም ይባላል፤ ይታለባል። አያድግ፣ አያስገባ የሆነው ውሻ ነው፤ ይሸኛል። የቀሩት ኮከብና የጥያቄ ምልክት ናቸው። የግቢው ውሾች በዚያ ኮሪደር ማለፍ ትተዋል። በቅሎዋ አህያ የትኛው ሳጥን እንደሚገባ ብትጠይቅ፣ መምህሩ ዝሆን ጥያቄውን ለሚቀጥለው ሴሚስተር አሳደሩት።

ተማሪዎቹን ለቅጥር የምታሰናዳው እመት ጦጢት ናት። የበቅሎዋን ሲቪ ተቀብላ «ጨው ተሸክሜያለሁ» የሚለውን «በጨው አቅርቦት ሰንሰለት የመሪነት ሚና ተጫውቻለሁ» በሚል ተካችው። ጌጠኛ ኮርቻ አስገዛቻት። ከቀደሙ ምሩቃን ጋር ቡና ጠጪ፣ ሥራ እንዳትጠይቂ፣ ስለ ራሳቸው አስወሪያቸው አለቻት። በቅሎዋም እንቅልፍ እስክታጣ ጠጣች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ኬዝ የሚባለው የቅጥር ፈተና ነው። ፈታኙ የአንድ ነጋዴን ችግር ይነግርሃል፤ አንተ በቂ መረጃ ሳይኖርህ፣ ወረቀት ላይ ቅርንጫፍ እያወጣህ፣ ጮክ ብለህ ታስባለህ። ገቢ እዚህ፣ ወጪ እዚያ። በከተማው ስንት ነዳጅ ማደያ እንዳለ ሊጠይቅህም ይችላል፤ ትክክለኛውን ቁጥር አለማወቅህ አይጥልህም፣ የሚታየው አካሄድህ ነው። ለነገሩ ክፉ ልምምድ አይደለም። ችግርን ከፋፍሎ ማየት ደንግጦ ከመቀመጥ ይሻላል።

የመጀመሪያው ድንኳን ፈታኝ ቀበሮ ነበር። «የንጉሥ አንበሳ ጨው መቀሌ የሚደርሰው እየዘገየ ነው። ለምን ይመስልሻል?»

በቅሎዋ ደስ አላት። አባቷ ማታ ማታ የሚያወራው ይህንኑ ነው። «ኬላው ላይ አያ ጅቦ ቀረጥ እቆጥራለሁ እያለ እስኪመሽ ያቆማቸዋል። ሲነጋ ከአህዮቹ አንዱ የለም። የእሱን ጭነት ለቀሩት ሲያከፋፍሉ ሌላ ቀን ይሄዳል።»

ቀበሮው ከባልደረባው ጋር ተያየ። «እናመሰግናለን። መልስሽ ግን መዋቅር የለውም።»

ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረችው።

«መዋቅር ምንድን ነው ልጄ?»

«ወደ መልሱ የሚኬድበት መንገድ ነው፣ አባባ።»

«መንገዱንማ እኔ ስሄድበት ነው የኖርኩት!»

ሁለተኛው ድንኳን ላይ ያው ጥያቄ መጣ። በቅሎዋ አሁን ወረቀት ለመነች፤ ለማሰብ አንድ ደቂቃ አስፈቀደች። ጉዳዩን በሦስት ከፈለችው፤ መኖ፣ ተሸካሚ፣ ቀረጥ። ቀረጡን «ከተሸካሚው ክፍል ቁጥጥር ውጭ» ብላ አለፈችው። አህያ ሲበዛ ገብስ ይበዛል፣ ገደሉ ላይም መንገድ ይጣበባል፤ ስለዚህ ከሦስት አህያ አንዱ ቢሰናበት ወጪው ይቀንሳል፣ የቀሩትም ይፈጥናሉ አለች። ቁጥሩ አምሮ ወጣ። ፈታኟ አቦሸማኔ ከወንበሯ ተነሥታ እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት።

«የኬላውን ነገር ነገርሻቸው?» አለ አባቷ ማታ።

«ብናገር ይጥሉኝ ነበር፣ አባባ።»

«ይሁን፤ ዋናው መግባትሽ ነው» አለና ጎረቤት እንዲጠራ፣ ጠላ እንዲጠመቅ አዘዘ።

የበቅሎዋ ምክር ለንጉሡ በወፍራም ጥራዝ ቀረበ። ንጉሡ አህያ የመቀነስ ሐሳብ ድሮም ነበረው፤ የቸገረው «ማን መከረህ?» ሲሉት የሚጠራው ስም ማጣቱ ነበር። ኬላ ጠባቂው ጅብ ደግሞ አማቹ ነው፤ ጥራዙ ውስጥ የጅቡ ስም አለመነሣቱን ንጉሡ ሁለት ጊዜ አገላብጦ አረጋገጠ። ተሰናባቾቹ በዕድሜ ተመረጡ፤ የበቅሎዋም አባት አልቀረም። ጅቡ ከቀሩት ላይ የለመደውን ቀጠለ። ጨውም ከበፊቱ ይልቅ ዘገየ።

ንጉሡ ሌላ ድንኳን ቀጠረ። እነሱም ገና የተመረቀች ጥንቸል ደብተር አስይዘው ወደ ተሰናባቾቹ ላኩ። ሽማግሌው አህያ ጥላ ሥር አስቀመጣት፣ ውኃ አቀረበላትና ዳገቱን፣ ሙቀቱን፣ የጭነቱን አስተሳሰር አንድ በአንድ ዘረዘረላት። ኬላው ጋ ሲደርስ የጅቡን ነገር ከነስሙ ተናገረ።

«ይህን ያኔ ለአማካሪዎቹ የነገራቸው አልነበረም?» አለች ጥንቸሏ።

«ልጄ ነግራቸው ነበር። ጣሏት።»

ጥንቸሏ ብዕሯን ከወረቀቱ አነሣች። ገጹን ገለጠችና፣ «እሺ አባባ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው ውኃ የምትጠጡት?» አለች።